ዘይነባ ያጠበችው ጣራ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ላይ ከገበያ ስመለስ አንድ ሽታ አስቆመኝ። አቼቶ ነው። ሰላጣ ላይ ጠብ የሚደረገው ዓይነት ሽታ አይደለም፤ ከሳሙናና ከእርጥብ ቆርቆሮ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነው። ዞር ብዬ ሳይ ከባጃጅ ማቆሚያው ጎን አንድ ጎልማሳ አዲስ የቆርቆሮ በር በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ በጨርቅ ያሸዋል። ቆሜ አየሁት። አሽቶ ሲጨርስ በንጹህ ውሃ አለቀለቀው፤ ዘንበል አድርጎ በብርሃን አየው። «ይኼን ማን አስተማረህ?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ ስልክ ላይ አይቼ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ኔትወርክ ደህና በሆነበት በአንድ ጠዋት የተማረውን እኔ የተማርኩት ስሜን ካጣሁ፣ ከታመምኩና ከጣራ ላይ ከተንጠለጠልኩ በኋላ ነው። ያስተማረችኝም ዘይነባ የምትባል ሴት ናት።

ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። አብዛኛውን ዕድሜዬን በቀለም ቀቢነት ነው የኖርኩት። አሁን ጉልበቴ መሰላል አይወጣም፤ እንጅባራ ልጄ ዘንድ ተቀምጬ ብርዱን በጋቢ እከላከላለሁ። ዛሬማ ቆርቆሮው ከፋብሪካ ቀለሙን ለብሶ ነው የሚመጣው። ከዚህ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ቢያይ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ጣራ ነው፤ በየመካከሉ ደግሞ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሮ ያያል። እኔ በጎልማሳነቴ ሳውቀው ይህ መንገድ ገብስና ድንች ነበር የሚያሳየው። ሣር ክዳን ቤት ገና ብዙ ነበር፤ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ከሩቅ ይታወቅ ነበር፣ ፀሐይ ስትወጣ ጣራው እንደ መስታወት ያበራል። ያን የሚያበራውን ነገር ነው እኔ ቀለም ቀብቼ የማደበዝዘው፤ ሰውም ደስ ብሎት ይመርቀኝ ነበር።

የዚያን ጊዜዋ ዳንግላ አሁንም በዓይኔ ላይ አለች። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ ከትኩስ ዳቦ ጋር ብር አይሞላም። ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው ማዕዘን ላይ አንድ ፎቶ ቤት፣ ከእሱ ቀጥሎ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ ሻይ ቤት ነበር። የሦስቱንም ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፊደሎቹን ቀይ አድርጌ ከኋላቸው ጥቁር ጥላ እሰጣቸዋለሁ፣ ፊደሉ ከሰሌዳው ተነስቶ የቆመ ይመስላል። የጋሪ ፈረሶች እዚያው ማዕዘን ላይ ቆመው ቃጭላቸውን ያንቃጭላሉ፤ ባለጋሪዎቹ በአገውኛ ሲቀላለዱ እኔ ግማሹን ብቻ እሰማለሁ። ጎልማሶች ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ሴቶች ከወገብ የተሸበሸበ ቀሚስ የሚለብሱበት ጊዜ ነበር። እኔ ግን ስሠራ የምለብሰው ነጭ ሸሚዝ ነበር። ሌላው ቀቢ በቀለም የተዥጎረጎረ ቱታ ሲለብስ፣ አድማሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ አንዲት ጠብታ አይነካውም፤ ይህ እንዲወራልኝ ነበር። ተወርቶልኛልም። ዛሬ ሳስበው የዚያን ሸሚዝ ያህል ስለምቀባው ነገር አላስብም ነበር።

በከተማዋ ዳርቻ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት አዋጥቶ ያሠራው አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ሁለት ረጃጅም ቤቶች ናቸው፤ ቆርቆሯቸው ገና ትኩስ፣ ከመኪና ከወረደ ወር ያልሞላው። ዳይሬክተሩ አቶ ሙሉቀን ቀጭን፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ የማይጠፋው ሰው ነው። ጣራው ከዋናው መንገድ ላይ የሚታይ ቀይ እንዲሆን ፈለገ፤ ውሉንም ከእኔ ጋር ተዋዋለ። ዝናቡ ባበቃበት በጥቅምት ወጥቼ አቧራውን በመጥረጊያ አራገፍኩ፣ አንድ እጅ ዝገት ይከላከላል የሚባለውን ቀይ አንቲረስት፣ በላዩ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም ቀባሁበት። በሳምንት ጨረስኩ። ጣራው በርበሬ የተሰጣበት መሰለ። መንገደኛ ሁሉ እያየው ሲያልፍ እኔ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ የሚያዩትን አያለሁ።

አንድ ክረምት አለፈ። በቀጣዩ በጋ ፀሐይ ሲጸናበት ቀለሙ መነፋት ጀመረ፤ ከዚያ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተቀረፈ ተነሳ። ነፋስ ሲነፍስ ቀይ ቁራጭ በግቢው ይበራል። እኔ ወሬውን ሰምቼ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ። ሚያዝያ ላይ ትንሽ ዝናብ በጣለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን አቶ ሙሉቀን ሰው ልኮ አስጠራኝ።

ግቢው ውስጥ ከጣራው አሸንዳ ውሃ የሚቀበል ታንከር ነበር፤ ተማሪዎች የሚጠጡት ከዚያ ነው። ስደርስ አቶ ሙሉቀን ከታንከሩ አጠገብ ቆሟል። ጎኑ ደግሞ አንዲት ሴት አለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ግድም፣ ሻሿን ወደኋላ ያሰረች፣ እጇ ላይ ውሃ የሞላ ጣሳ የያዘች። በውሃው ላይ ቀያይ ቅርፊት ይንሳፈፋል።

«ይኼ ከአንቱ ጣራ የወረደ ነው» አለችኝ።

«አንቺ ማን ነሽ?» አልኳት።

«የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ዘይነባ እባላለሁ።»

«እንግዲያው መጥረጊያሽን ያዢ።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። እሷ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። «መጥረጊያዬን ይዤ ስጠርግ ነው ያገኘሁት» አለች በቀስታ። «የታንከሩን ቧንቧ በሽቦ አስሬዋለሁ። ልጆች ከእሱ አይጠጡም። ቀዩ አንቲረስት ብዙውን ጊዜ እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት፤ ለልጅ መርዝ ነው።»

አቶ ሙሉቀን ሁለት ቀን ሙሉ ስትጨቀጭቀው እንደሰነበተች ነገረኝ። እኔ ቀለሙ ብልሹ እንደነበረ፣ ነጋዴው እንዳታለለኝ ተናገርኩ። ዘይነባ አንድ ትልቅ ቅርፊት ከመሬት አነሳችና ገልብጣ ሰጠችኝ። «ጀርባውን ይንኩት። ያሙለጨልጫል አይደል? ሳሙና ሆኗል። ቀለሙ ምንም አላጠፋም። ቆርቆሮው ከላዩ ዚንክ የሚባል ነገር ለብሷል፤ ዝገት የማያስነካው እሱ ነው። የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲያርፍበት አይስማሙም፤ ውለው አድረው ከሥር ሳሙና ይሆናሉ። በዚያ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ከፋብሪካ ከነቅባቱ ነው የሚመጣ። አንቱ ቅባቱን ሳያጥቡ ቀቡት።»

ይህን ሁሉ የተናገረችው ሳትጮህና ሳታላግጥ ነው። ለእኔ ግን በአደባባይ የሰደበችኝ ያህል ሆነብኝ። ዞሬ ለአቶ ሙሉቀን «በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አነሳዋለሁ፤ መልሼ እቀባዋለሁ» ብዬው ወጣሁ።

ቀለሙን ለማንሳት ቶሎ የመጣልኝ እሳት ነበር። አንድ ወዳጄ በያጅ ነበረና የጋዝ እሳቱን አዋሰኝ። ለሙከራ ሦስት ቆርቆሮ ከጣራው አውርጄ ወደ ብየዳ ቤቱ ወሰድኩ፤ ነፋስ እሳቱን እንዳይበትንብኝም በሩን ዘጋሁ። ቀለሙ እየተኮማተረ ተነሳልኝ። እኔም ያቺን ሴት የረታሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከቀለሙ ሥር ግን ነጭ፣ እንደ ዱቄት የሚበን ጭስ ይወጣ ነበር። አፌ ውስጥ ጣፋጭ ብረት የላስኩ ያህል ተሰማኝ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ እዚያ ዋልኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፣ አጥንቴ ይቆረጥማል፣ ደረቴ ይጨንቀኛል። ባለቤቴ ብርቱካን ወባ ነው ብላ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ከመረችብኝ። በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ሲታይ ወባ የለም ተባለ። ቤት ተመልሼ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ እንዳልኩ በሩ ተንኳኳ። ዘይነባ ናት፤ ከባለቤቷ ከሰይድ ጋር። ሰይድ የአንድ እህል መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ረጅም፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ቆርቆሮ ሳቃጥል መዋሌን ከብየዳ ቤቱ ሰምታ ነው የመጣችው።

«አፍዎ ውስጥ ብረት ብረት ይልዎታል?» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ይለኛል።»

«የዚንኩ ጭስ ነው። እኛም ዘንድ በያጆቹን እንዲህ ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ብዙውን ጊዜ በቀን በሁለት ቀን ይለቃል። ደረትዎን ካፈነዎት ግን ቤት አይቀመጡ፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ፣ ምን እንዳቃጠሉም ይንገሯቸው። አንድ ሰው ‹ጉንፋን ነው› ብሎ ተኝቶ ሳንባው ተጎድቶበታል።»

ከብርቱካን ጋር ሲያወሩ ነው ማን እንደሆነች የሰማሁት። ቤተሰቦቿ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነስተው ከቻግኒ ወዲያ ባለው ቆላ የሰፈሩ ናቸው። እሷ ያኔ ገና ወጣት ነበረች። እዚያ የእህል ጎተራና የውሃ ጋን የሚሠራ ፕሮጀክት መጥቶ የቀን ሠራተኛ ሲቀጥር ገባች፤ መጀመሪያ ውሃ አቅራቢ፣ ቀጥሎ ቆርቆሮ አጣቢ፣ በመጨረሻ ቀቢ ሆነች። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሰይድን ተከትላ ዳንግላ መጣች። በዳንግላ ሴት ቀቢ የሚቀጥር አላገኘችምና መጥረጊያ ያዘች። ይህን ሁሉ የተናገረችው ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል ነበር። አገሩ ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ነገር ግን ስትወጣ ከጎረቤቴ ሴት ጋር በአገውኛ ስትሳሳቅ ሰማኋት። እኔ እዚያው ተወልጄ ያልሞላልኝን ቋንቋ ማለት ነው።

ልትሄድ ስትል ጠራኋት። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩ። ሦስት ቃል ናት። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሥራዬን በሚመለከት ለማንም ብያት አላውቅም ነበር።

ዘይነባ ቆም አለች። «እስኪሻልዎት ይተኙ። ከዚያ አብረን እናደርገዋለን» አለችኝ።

አቶ ሙሉቀን ፈቀደ፤ ውሉ በእኔ ስም እንደሆነ ቀረ፣ ዘይነባ ግን ከጽዳቱ ተነስታ ከእኔ ጋር እንድትሠራ ተደረገ። የመጀመሪያው ሥራችን ቀለም አልነበረም። አሸንዳውን ከታንከሩ ነጠለችው። ታንከሩን አስደፍታ አሳጠበች፤ ሰይድ መጥቶ በግቢው ጥግ ካለው፣ ቀለም ካልነካው ዕቃ ቤት ጣራ አዲስ አሸንዳ ዘረጋለት። «ከተቀባ ጣራ የወረደ ውሃ ለመጠጥ አይሁን፤ ለአበባ ይበቃል» አለች። ከቤቱ ሥር ዙሪያውን ሸራ አነጠፈች፤ ተማሪ እንዳይቀርብ ገመድ ወጠረች። የምንሠራውም ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላና ቅዳሜ ብቻ ሆነ።

ጣራ ላይ ለመውጣት ከቀሚሷ ሥር የሰይድን ሱሪ ታጥቃ መጣች። ከተማው ለሳምንት ያወራው ስለዚያ ሱሪ ነው። ሻይ ቤት ስገባ «አድማሱ፣ አለቃህ እንዴት ዋለች?» ይሉኛል። ለእሷ ስነግራት «ሱሪው ይጠበኛል እንጂ ወሬው አይጠበኝም» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ነጭ ሸሚዜንም አስወለቀችኝ። ባለ ረጅም እጅጌ አሮጌ ልብስ፣ ጓንት፣ ለአፍና ለአፍንጫ ደግሞ ከጤና ጣቢያ ለምና ያመጣችውን መሸፈኛ አስደረገችኝ። ያልጸናውን ቀለም በመፋቂያ ስናነሳ ቦታውን ሁሌ በውሃ እናርሰዋለን። እኔ በለመድኩት በብርጭቆ ወረቀት ደረቁን ልፈግፍገው ስል እጄን ያዘችኝ። «አቧራው ሳንባዎት ይገባል፤ በልብስዎት ተጣብቆም ቤትዎ ይገባል። ልጆች አሉዎት አይደል?» አለችኝ። የተነሳውን ቅርፊት በሙሉ በማዳበሪያ ጠቅልላ አፉን ሰፋችው፤ አቶ ሙሉቀን የጤና ቢሮ ሰዎች እስኪወስዱት ቆልፎበት ከረመ። አንዱ ሠራተኛ «ለምን አናቃጥለውም?» ቢላት ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

ጣራ ላይ ስለሚታሰረው ገመድ ደግሞ ተጣልተናል። እሷ ወገቧን በወፍራም ገመድ አስራ ጫፉን ከጣራው ማዶ ካለው ግንድ ጋር ታያይዛለች። እኔንም እንዲሁ እንድታሰር ጠየቀችኝ። ስንት ዓመት ጣራ ስወጣ የኖርኩ ሰው እንደ በግ አልታሰርም አልኳት። «እንግዲያው ዛሬ አንሠራም» ብላ ከመሰላሉ ሥር ቁጭ አለች። ጠበቅሁ፤ አልተነሳችም። ተናድጄ ታሰርኩ። በሦስተኛው ቀን በሳሙና የታጠበውን ቆርቆሮ ስረግጥ እግሬ ከዳኝ። በደረቴ ተንሸራትቼ እግሮቼ ከጣራው ጠርዝ አልፈው አየር ላይ ሆኑ፤ ከበታቼ ለመሠረት የተረፈ ድንጋይ ተከምሮ ነበር። ገመዱ ወገቤን ቀጨም አድርጎ ያዘኝ። ዘይነባ ከላይ ሆና ገመዱን ሳትነካ፣ ድምጿን ሳታነሳ «አይንፈራገጡ። መጀመሪያ ይተንፍሱ። አሁን ቀኝ እግርዎን ወደ መሰላሉ» እያለች መርታ አወረደችኝ። መሬት ስደርስ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ውሃ ሰጠችኝ። ‹ብዬዎት አልነበር› የምትል ቃል ከአፏ አልወጣችም፤ ያን ቀን አልወጣችም፣ ከዚያም በኋላ አልወጣችም። ማታ ለብርቱካን ነገርኳት፤ በማግስቱ ጠዋት ለዘይነባ አንድ ጠርሙስ ማር ላከችላት።

አሮጌው ቀለም ተነስቶ ሲያልቅ እንዲህ ነበር የምናደርገው፦ በሳሙና ውሃ በለስላሳ ብሩሽ እናጥባለን፤ እናለቀልቃለን። ቀጥሎ አቼቶ በጨርቅ እናሻለን፤ የቆርቆሮው ፊት ብልጭታውን ትቶ አመድማ እስኪል። እንደገና ደጋግመን በንጹህ ውሃ እናለቀልቃለን። ከዚያ ዘይነባ አንድ ጣሳ ውሃ ታፈስበታለች። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከሄደ ቅባት አለ ማለት ነውና መልሰን እናጥባለን፤ ተዘርግቶ እንደ ስስ ጨርቅ ከለበሰው ንጹህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔ ያጠብኩት ሁሉ ይንከባለል ነበር። እሷ «ደግሞ እስቲ» ትላለች፤ አጥባለሁ። ከደረቀ በኋላ ለእንዲህ ዓይነት ቆርቆሮ የተሠራውን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የሥር ቀለም ቀባን፤ ዳንግላ ስላልነበረ ሰይድ ባሕር ዳር ድረስ በአውቶብስ ሄዶ ነው ያመጣው። ቀትር ላይ አንቀባም፤ ቆርቆሮው ሲግል ቀለሙ ሳይዝ ይደርቃል ትላለች። ጤዛ ሳይለቅም አንቀባም። እኔ በሳምንት የጨረስኩትን ጣራ አንድ ወር አቆየችኝ። ቀለሙን የመረጠችውም እሷ ናት፤ ቀይ አልፈለገችም። የዝናብ ማግስት ሣር የመሰለ አረንጓዴ አደረገችው።

በዚያ ወር ውስጥ አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ስለ እጇ ጠየቅኋት። ሥራዋ ላይ ችኮላ የለም፣ ዝግታም የለም፤ እጇ የሚያውቀውን ቦታ የሚሄድ ይመስላል። «ቆላ ስንወርድ የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሰው ሞተብን» አለችኝ። «እኔ ከመጠለያው ወጥቼ የምውልበት ነገር ፈለግሁ። ቆርቆሮ ማጠብ ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቆርቆሮ ባጥብ ማንም አይቆጣኝም ነበር፤ ንጹህ ይሁን እንጂ። ንጹህ ሆኖ ሳየው ያን ቀን አንድ ነገር ያዳንኩ ይመስለኝ ነበር።» ይህን ከሰማሁ ወዲህ እኔንም ቆርቆሮ ማጠብ አሰልችቶኝ አያውቅም።

ክረምቱ ገባ። የዳንግላ ዝናብ እንዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ያውቃል፤ ጣራውን ሦስት ወር ወቀጠው። መስከረም ላይ ሽቅብ ወጥቼ በጥፍሬ ፋቅሁት፤ አልተነሳም። ልጆቹ ከአዲሱ አሸንዳ ጥሩ ውሃ ይጠጡ ነበር።

የትምህርት ዓመቱ ሲዘጋ በግቢው በዓል ተደረገ። ወላጆች ከየገጠሩ መጡ፤ ፈረሰኞችም ነበሩ፤ ከወረዳ የመጣ እንግዳ ንግግር አደረገ። አቶ ሙሉቀን ጣራውን በእጁ እያሳየ አመሰገነና ስሜን ጠራ። ውሉ በእኔ ስም ነው፤ ወረቀቱም በእኔ ስም ተጽፎ ነበር። ነጩን ሸሚዜን ለብሼ ተነስቼ ሄድኩ። ማህተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ተቀበልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ዘይነባ ከሰይድ ጋር ከኋላ ቆማ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። ‹ይህ የዘይነባ ሥራ ነው› ማለት ምን ይከብዳል? አፌ ድረስ መጥታ ተመለሰች። ሰዉ ያጨበጭባል፣ እኔ ዝም ብዬ ቆሜያለሁ። እሷም ታጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሥራ አላነሰኝም። ጣራ፣ አጥር፣ በር፣ የውሃ ጋን፤ ሰው ከጥሊሊ ድረስ እየመጣ ይጠራኝ ነበር። ሁሉንም የሠራሁት እሷ ባስተማረችኝ መንገድ ነው። ለሥራ ስጠራ እሷንም ይዣት እሄድ ነበር፤ ክፍያችንም እኩል ነበር፤ በእሱ እንኳ አላጎደልኩባትም። ስሙ ግን የእኔ እንደሆነ ቀረ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ጥቂት ዓመት ከቆየን በኋላ የሰይድ እናት ስለታመሙ እነ ዘይነባ ወደ ቆላው ተመለሱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ልነግራት አስቤ «በሰላም ግቡ» ብቻ አልኩ። እሷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ገመድህን እንዳትረሳ» አለችኝ። አንተ ማለት ከጀመረች ቆይታ ነበር።

የሰው ልጅ ስንቱን ትልቅ ነገር ይረሳል፤ ያቺ አንዲት ያልተናገርኳት ቃል ግን ከዓመት ዓመት እየከበደችኝ ሄደች። የምስጋና ወረቀቱን መስታወት ውስጥ አስገብቼ ሰቅዬው ነበር፤ ጥቂት ቆይቼ አወረድኩት። ልጆቼ አድገው ሄዱ፣ ብርቱካን አረፈች። የብርቱካን ሙት ዓመት ባለፈ ሰሞን፣ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ በቻግኒ በኩል ወደ ቆላው ወረድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ የዘይነባን ቤት ስጠይቅ ሰው ሁሉ አወቃት። ያገኘኋት ማንጎ ዛፍ ሥር ነው፤ ከሰይድና ከአራት አምስት ጎረቤቶች ጋር በቆሎ ትፈለፍላለች። ፀጉሯ ነጭቷል። ስታየኝ ተነስታ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ስለ ብርቱካን ስትሰማ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ውሃ ቀረበልኝ፣ ምግብ ቀረበልኝ። አልበላ አለኝ።

«ዘይነባ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልናገር ነው» አልኩ። «ዳንግላ ያለው የትምህርት ቤቱ ጣራ የእኔ ሥራ አይደለም። እኔ አበላሸሁት፤ አንቺ አዳንሽው። ሲያመሰግኑኝ ዝም ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኩ። ይህን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ነበረብኝ። እነሆ አሁን በእነዚህ ሰዎች ፊት እናገራለሁ።»

ሰይድ፣ ያ ብዙ የማይናገር ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «አድማሱ፣ ይኼን እኮ ዳንግላ ሁሉ ያውቅ ነበር» አለኝ። «አንድ ወር ሙሉ ጣራ ላይ ስታያት የነበረች ከተማ ናት። ሙሉቀንም ያውቅ ነበር፤ ወረቀቱን በሁለታችሁ ስም ሳያደርግ መቅረቱ ቆጭቶት ቤታችን መጥቶ ይቅርታ ጠይቋታል።»

ያን ሁሉ ዓመት ደብቄ የያዝኩት ነገር ከእኔ በቀር ለማንም ምስጢር አልነበረም ማለት ነው። ወደ ዘይነባ ዞርኩ። «አንቺም ምንም አላልሽኝም» አልኳት።

እጇ ላይ ያለውን በቆሎ ፈልፍላ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰው ሁሉ ነግሮኝ ነበር» አለችኝ። «ከአንተ አፍ መስማት ብቻ ነበር የቀረኝ።»